ስማርት ቤት ለእማማም እንዲመች፦ ከመግዛት እስከ ማስረከብ፣ ደረጃ በደረጃ

በስልክ የሚበራ መብራት፣ በሰዓቱ የሚነሳ ፓምፕ፣ በር ሲከፈት የሚያሳውቅ ሴንሰር አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ "ስማርት" ብትሉ ይወጣላችኋል። መግጠሙም ቢሆን እጁን ለፈታ ኤሌክትሪሻን ከባድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቤቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ስልክ የሚወደው ልጅ። እሱ ሥራ ሲውል እናት የገዛ ሳሎኗን መብራት ማብራት ያቅታታል። የቤት ሠራተኛዋ ግራ ሲገባት ሶኬቱን ነቅላ መልሳ ትሰካለች። እንግዳ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በጨለማ ግድግዳ ይዳብሳል።

ይህ መመሪያ ለእነሱ የሚመች ቤት ማዘጋጀት ለምትፈልጉ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ካዛንቺስ አፓርታማ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አሮጌ ግቢ ብትኖሩ መሠረቱ አንድ ነው። ማንም ሰው ስልክ ሳይነካ፣ እንደ ድሮው እጁን ወደ ግድግዳ ሰዶ መብራት ማብራት መቻል አለበት። አፑ ለገጠመው ሰው ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ለቤተሰቡ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ደረጃ 1፦ ከዕቃው በፊት ሰዉን እዩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤቱ እንዴት እንደሚውልና እንደሚያድር ተመልከቱ። ማን ቀድሞ ይነሳል? ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚሄደው ማነው፣ በየት በኩል? ውኃ በፈረቃ የሚመጣው መቼ ነው? ተነስቶ ፓምፕ የሚያስነሳውስ? ቦይለር ሳያጠፋ የሚወጣው ማነው?

ቡና ሲፈላ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። "ምን ዓይነት ስማርት ዕቃ ይፈልጋሉ?" ካላችሁ መልሱ "ኧረ እኔ ምንም አልፈልግም ልጄ" ነው። "ማታ ማታ ምን ያስቸግርዎታል?" በሉ። ያኔ ነው ወሬው የሚመጣው።

ልደታ የሚኖሩ የአንድ ጓደኛዬ እናት አሉ። ልጃቸው ለሳሎን ቀለም የሚቀያይር አምፖል ሊገዛ አስቦ ነበር። ሲጠየቁ ግን ያወሩት ስለ ኮሪደሩ ነው። "ማብሪያው ከበሩ ማዶ ነው። እስክደርስበት በጨለማ ነው የምሄደው። አንድ ቀን እወድቃለሁ እያልኩ እፈራለሁ" አሉ። ለእሳቸው የሚያስፈልገው ሰው ሲያልፍ ኮሪደሩን የሚያበራ አንድ ሴንሰር ነበር፤ እሱ ተገጠመ። የሳሎኑ ነገር ቀረ።

የሰማችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉና የባሱትን ሁለት ሦስት ችግሮች ብቻ ምረጡ። በአንድ ጊዜ ቤቱን ሁሉ መለወጥ ሰውን ከገዛ ቤቱ ያስወጣዋል። የቤት ሠራተኛዋንም መጠየቅ አትርሱ። ማብሪያውን፣ ቦይለሩን፣ ፓምፑን ከማንም በላይ የምትነካው እሷ ናት።

ደረጃ 2፦ ኤሌክትሪኩንና ዋይፋዩን ፈትሹ

የእኛ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙ ስማርት ዕቃ በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ 120 ቮልት ነው። የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። "100–240" የሚል ከሆነ ይሠራል። "120" ብቻ ከሆነ፣ ልጅ ከሩቅ አስቦ የላከው ስጦታ ቢሆንም፣ እንዳትሰኩት። ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። አዳፕተር የሚለውጠው የመሰኪያውን ጥርስ እንጂ ቮልቱን አይደለም።

ቀጥሎ ኤሌክትሪሻን ጥሩና ብሬከሩ ወርዶ አንድ ሁለት ማብሪያ ይከፈት። የሚታየው ኒውትራል ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ መኖር አለመኖሩ ነው። አብዛኛው ስማርት ስዊች መብራቱ ጠፍቶም እሱ ራሱ ነቅቶ ስለሚቆይ ኒውትራል ይፈልጋል። በብዙ ቤት ግን ማብሪያው ጋ የሚደርሱት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው፣ እና ወደ አምፖሉ የሚሄደው። ያኔ ወይ ያለ ኒውትራል የሚሠራ ስዊች ትገዛላችሁ፣ ወይ ኤሌክትሪሻኑ አዲስ ኒውትራል ሽቦ እንዲስብ ታደርጋላችሁ። ያለ ኒውትራል የሚሠራው አነስተኛ ኤልኢዲ አምፖልን ብልጭ ድርግም ሊያደርግ ይችላል፤ አብሮት የሚመጣውን ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አምፖሉ ጋ ማስገባት ያስፈልጋል። ግድግዳ የማያስፈርስ ከሆነ ኒውትራል ማሳቡን እመርጣለሁ።

ዋይፋዩን በተመለከተ፣ ከሁለቱ የዋይፋይ ሞገዶች፣ ከ2.4 እና ከ5 ጊጋኸርዝ፣ ርካሾቹ ዕቃዎች የሚይዙት 2.4ን ብቻ ነው። ራውተሩ 2.4ንና 5ን በአንድ ስም የሚያወጣ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ለየብቻ ስም ስጧቸው። አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ሲግናል አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስልካችሁን ይዛችሁ ዕቃው የሚገጠምበት ቦታ ድረስ ሂዱና በሩን ዘግታችሁ ሞክሩ። ለራውተሩ ደግሞ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪ፣ ግዙለት። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩ 9 ነው 12 ቮልት የሚፈልገው የሚለውን ጀርባው ላይ እዩ።

ደረጃ 3፦ አምፖሉን ትታችሁ ማብሪያውን ስማርት አድርጉ

ከሁሉም ደረጃ ይህን በደንብ አንብቡልኝ።

ስማርት አምፖል ርካሽ ነው፣ ያምራልም። ግን ሰው በልማዱ ግድግዳው ላይ ሲያጠፋው ኤሌክትሪኩ ይቋረጥበታል። ከዚያ በስልክም አይበራም፣ በሰዓቱም አይበራም። ስለዚህ "ማብሪያውን እንዳትነኩ!" የሚል ሕግ ይወጣል። ማብሪያው በፕላስተር የታሸገበት ቤት አይቻለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳ ነክተው መብራት ያበሩ እናት በሰባ ዓመታቸው እንዲህ መባል የለባቸውም።

የሚሻለው ከማብሪያው ጀርባ የሚገባ ትንሽ ሞጁል ነው፤ እንደ ሶኖፍ ሚኒ ያለው። ግድግዳው ላይ የሚታየው ማብሪያ ያው የድሮው ነው። በእጅም ይሠራል፣ በሰዓትም፣ በስልክም። ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ በእጅ መሥራቱን አያቆምም።

አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሞጁል ከገባ በኋላ "ወደ ታች በርቷል፣ ወደ ላይ ጠፍቷል" የሚለው ልማድ ይፈርሳል። መብራቱ በሰዓቱ ራሱ ሲጠፋ ማብሪያው ወደ ታች እንደወረደ ይቀራል። እማማ ሊያበሩ ሲመጡ "በርቶ የለም እንዴ? ተቃጠለ ማለት ነው" ብለው ይመለሳሉ። መፍትሔው ማብሪያውን እንደ ደወል ተጭኖ በሚመለስ ዓይነት መቀየር ነው። ላይ ታች የሌለው ስለሆነ ግር አያሰኝም። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ይበራል፣ ደግመው ሲጫኑት ይጠፋል። አፑ ውስጥም የማብሪያውን ዓይነት ከዚሁ ጋር አስተካክሉት።

ደረጃ 4፦ የማይነካውን ለዩ

16 አምፔር የሚል ስማርት ሶኬት በ220 ቮልት ቢበዛ 3,520 ዋት ነው የሚችለው። 10 አምፔር የሚለው ደግሞ 2,200 ዋት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ እንጀራ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ተጋግሮ አያልቅም። ስለዚህ ምጣድ ስማርት ሶኬት ላይ አይሰካም። ስቶቭም እንደዚያው። ሰው ሳያያቸው ሊበሩ አይገባም።

ቦይለር ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ለቦይለር ተብሎ በተሠራ 20 አምፔርና ከዚያ በላይ በሚችል ስዊች ይሁን። ፍሪጅና የሕመምተኛ መሣሪያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ።

ደረጃ 5፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ ዕቃዎቹን በሚሠሩት አገሮች ብዙም አያሳስብም። እኛን ግን ያሳስበናል። አፑ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ መብራት ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ የምትወስኑበት ቦታ አለ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ይብራ፣ ይጥፋ፣ እንደነበረ ይቀጥል።

ለመኝታ ቤት መብራት "ይጥፋ" በሉ። አለበለዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ቦግ ይልና ሰው ይደነግጣል። ለኮሪደርና ለሳሎን "እንደነበረ ይቀጥል" ይሻላል። ለፓምፕና ለቦይለር ሁልጊዜ "ይጥፋ"። ከዚያ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ ጥቂት ቆይታችሁ አንሱና እዩት። ሴቲንጉን አይቶ ማመን አይበቃም።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ዕቃዎች ውስጣቸው ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቁት ኢንተርኔትን ነው። ኢንተርኔት ከሌለ በሰዓት የሚሠራው ሊቀር ይችላል። እናንተ ቤት ኢንተርኔት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ በዚግቢ፣ ማለትም ዋይፋይ በማይፈልግ የቤት ውስጥ ገመድ አልባ ግንኙነት፣ የሚሠሩ ዕቃዎችና እዚያው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማዘዣ ሣጥን አስቡበት። ሆም አሲስታንት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ውጭ ካለ ሰርቨር ጋር ሳይገናኝ ቤቱን ማዘዝ ይችላል። ማዘጋጀቱ ግን ዕውቀት ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ሰው በቅርብ ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ደረጃ 6፦ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሥራ

ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ገመድ አልባ ቁልፎች አሉ። ሻጩ "አንዴ ሲጫን ይሄ፣ ሁለቴ ሲጫን ያ፣ ጫን ብሎ ሲያዝ ሌላ" ይላችኋል። እናንተ አንዴ የሚጫነውን ብቻ ተጠቀሙ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንት አንዴ ሊጫኑ አስበው ሁለቴ ይነኩታል። ስለዚህ ሁለቴውንም፣ ተጭኖ የሚያዘውንም ያንኑ አንድ ሥራ እንዲሠሩ አድርጓቸው። እንዴትም ቢነካ የሚፈለገው ይሆናል።

ቁልፉ ላይ በትልቅ ወፍራም ፊደል ጻፉ፤ ጥቁር በነጭ ወይም ጥቁር በቢጫ። ስሙ ቤተሰቡ የሚጠራው ይሁን። "መኝታ 2" የሚባል ክፍል እናንተ ቤት የለም፤ "የአባባ ክፍል" ግን አለ። "ጓዳ"፣ "ሰርቪስ"፣ "በረንዳ" በሉ። አፑም ውስጥ በዚሁ ስም ጻፉ፤ የአማርኛ ፊደል ይቀበላል። ፊደል ለማይለይ ሰው ሥዕል ይሻላል፦ አልጋ፣ ቧንቧ፣ በር። ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ ቁልፉ ላይ የሙጫ ጠብታ አድርቁና በጣት ሲዳሰስ እንዲታወቅ አድርጉ። ከአልጋ ሳይነሱ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ለጥፉ። የት እንደሚለጠፍ እሳቸው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩአችሁ።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አስቡ

አፑ 18:30 የሚለው እኛ ማታ 12:30 የምንለውን ነው። 06:00 ጠዋት 12 ሰዓት፣ 02:00 ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ፓምፕ እንዲነሳ ከፈለጋችሁ አፑ ላይ የምትመርጡት ዓርብን ነው፤ የስልኩ ቀን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይለወጣልና። ሐሙስን ከመረጣችሁ ውኃው ሳይመጣ ፓምፑ ይነሳል።

ለበረንዳና ለአጥር መብራት "ፀሐይ ስትጠልቅ" የሚለውን ምረጡ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት በታች ነው የሚለዋወጠው፤ ቤተሰቡ ቶሎ ይለምደዋል። ለሌላው ሁሉ ፕሮግራሙን በአማርኛ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። "የአጥር መብራት ማታ ራሱ ይበራል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ራሱ ይጠፋል" የሚል አንድ መስመር ሰውን ከብዙ ድንጋጤ ያድናል።

ደረጃ 8፦ ፓምፕ፣ በሚስኮል

ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚቀለው ዕቃ ሲም ካርድ የሚገባበት ጂኤስኤም ሪሌይ፣ በስልክ ጥሪ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው። የተመዘገበ ቁጥር ሲደውል መልስ ሳይሰጥ ይዘጋና ሪሌዩን ይነካል። ሚስኮል ስለሆነ የደወለው ሰው ሒሳብ አይቆረጥበትም። ሚስኮል ማድረግ ደግሞ ማንንም ማስተማር አያስፈልግም። በባለ በተኗ ስልክ ላይ ቁጥሩን "ፓምፕ" ወይም "የግቢ በር" ብላችሁ መዝግቡ። ማን ደውሎ ማዘዝ እንደሚችል ቁጥሮቹን ለይታችሁ አስገቡ እንጂ ለማንም ክፍት አትተዉት። ሲሙ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥበት አልፎ አልፎ ካርድ ሙሉበት።

የፓምፕ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ሪሌዩ ኮንታክተሩን፣ ማለትም ብዙ ኃይል የሚችለውን ትልቅ ማብሪያ፣ ያዝዝ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። ላይኛው ሮቶ ሲሞላ የሚያቆም፣ ታችኛው ሲያልቅ የሚያቆም ተንሳፋፊ ስዊችም ይግባ። ያለ ውኃ የሚሽከረከር ፓምፕ ይቃጠላል። ይህ ተንሳፋፊ ዕቃ አፕ የለው፣ ፓስወርድ የለው፤ ከሁሉም በላይ የሚታመነው ግን እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ የአደጋ ማስጠንቀቂያ

ጭስ የሚለይ ሴንሰር ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጤስበት ክፍል አይሰቀልም። በየቀኑ ከጮኸ አንድ ቀን ባትሪው ይወጣል፣ መልሶ የሚያስገባው የለም። ኮሪደርና መኝታ ቤት በር አካባቢ ስቀሉት። ማድ ቤት ሙቀት የሚለይ ዓይነት ይሁን።

ከሰል ወደ ቤት ለሚያስገባ ሰው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለይ መሣሪያ እለምናችኋለሁ፣ ግዙ። ክረምት ላይ ቤት ለማሞቅ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። መሣሪያው ራሱ በኃይል የሚጮህ ይሁን። በስልክ መልእክት ብቻ የሚያሳውቅ ለተኛ ሰው አይሆንም።

ደረጃ 10፦ ስልክ ለሚፈልግ፣ በልኩ

ለመያዝ የፈለገ ካለ ስልኩን ወደ አማርኛ ቀይሩለት፣ ፊደሉን አተልቁለት። አፑን እንዲከፍት አታድርጉ፤ የሚያስፈልጉትን ሁለት ሦስት ትእዛዞች የስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አውጡለት። አሌክሳም ሲሪም አማርኛ አይሰሙም፤ ስለዚህ በድምፅ ለማዘዝ ተብሎ የሚሸጠውን ለወላጅ ብላችሁ አትግዙ።

ውጭ አገር ያለ ልጅ ቤቱን ከዚያ ማዘዝ ከቻለ አንድ ስምምነት ይኑር፦ ሳይደውል ምንም ነገር አይነካም። እናት ቁጭ ብላ ጸሎት እያደረሰች መብራቱ ድርግም ሲል "ማነው?" ማለቷ አይቀርም። የካሜራም ነገር እንደዚሁ ነው። የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያየው ለቤተሰቡም ለሠራተኛዋም በግልጽ ይነገር። መኝታ ቤትና የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ካሜራ አይገባም።

ደረጃ 11፦ ማስተማር

እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። ይህን የምለው የምር ነው። እናንተ እየነካችሁ "አዩ፣ እንዲህ ነው" ካላችሁ "አዎ ልጄ፣ ገባኝ" ይሏችኋል፤ ማታ ግን አይነኩትም። እሳቸው ይጫኑት። ሲሳሳቱ ዝም በሉና ዕድል ስጧቸው። ከዚያ እሳቸው ለሌላ ሰው፣ ለልጅ ልጅ ወይም ለጎረቤት ያሳዩ። የገባቸውና ያልገባቸው ያኔ ይለያል።

በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ አሳዩ። ሲመሽም አሳዩ፤ ቀን የሚታይ ቁልፍ ማታ ላይታይ ይችላል። መብራት ሲሄድና ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚሆነውንም አለማምዱ። ብሬከሩን አውርዱ፣ አንሱ። ራውተሩን ንቀሉ። "አሁን ምን ያደርጋሉ?" በሉ። "ግድግዳውን እነካለሁ" ካሉና መብራቱ ከበራ ሥራችሁ ተሳክቷል። ካልበራ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 12፦ ማስረከብ

ቆጣሪው አጠገብ አንድ ወረቀት ለጥፉ። በላዩ ላይ ምን የት እንደተገጠመ፣ የትኛው ብሬከር የትኛውን እንደሚያጠፋ፣ ሲበላሽ ለማን እንደሚደወል፣ ሞጁሉን አስወጥቶ በድሮው መንገድ ለመመለስ ኤሌክትሪሻኑ ምን ማድረግ እንዳለበት ይጻፍ። ፓስወርዱን እዚያ አትጻፉ፤ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ለሚታመን ሰው ስጡ። የአፑ አካውንት በቤቱ ሰው ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ይከፈት እንጂ በገጣሚው አይሁን። ገጣሚው ለሥራው ወደ አካውንቱ ገብቶ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ይውጣ። ተከራይ ከሆናችሁ ስትለቁ ሁሉንም ሪሴት አድርጉ።

ከወር በኋላ ተመለሱ። "እንዴት ነው?" ብላችሁ አትለፉት፤ "የትኛውን ነክተውት አያውቁም?" በሉ። ያልተነካውን ንቀሉት። ገመድ አልባ ቁልፎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ሲአር 2032 የምትባለው ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ናት፤ የተቀየረችበትን ቀን ከጀርባው ጻፉ። ትርፎቹንና የተጣሉትን ሕፃን ከማይደርስበት አስቀምጡ። ሕፃን ከዋጠ ግን እስኪያመው አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱት።